ኢንሻአላህ የማይባልበት መስኮት

ባለፈው ሳምንት ወደ ገበያ ስወርድ ከአንድ አዲስ ሱቅ ደጃፍ የጋለ ላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝና ቆምኩ። ላሚኔሽን ነው። ወረቀት በሁለት ላስቲክ መሐል ሆኖ በጋለው ማሽን ሲያልፍ የሚወጣው ሽታ ሌላውን ሰው ራሱን ያመዋል፤ እኔን ደግሞ ሆዴን ያባባዋል። ገብቼ ስቆም ማሽኑ ጋ የተቀመጠችው ልጅ «ምን ልርዳሽ፣ እናቴ?» አለችኝ። ገና ሠላሳ እንኳ አልሞላኝም። ልቆጣት አፌን ከፍቼ ተውኩት፤ ልክ ናት። እሷ የተቀመጠችበት ዓይነት ወንበር ላይ እኔ ስቀመጥ ሻይ ሁለት ብር ነበር፤ ሻይ በሁለት ብር የጠጣ ሰው ደግሞ በዛሬ ሂሳብ አሮጊት ነው። እንግዲህ አሮጊት ካላችሁኝ እንደ አሮጊት ላውራ።

አሶሳ ያኔ ባጃጁ እንዲህ አልበዛባትም። ከመናኸሪያው ሽቅብ የሚወጣው መንገድ በበጋ ቀይ አቧራ፣ በክረምት ቀይ ጭቃ ነበር፤ ነጭ ካልሲ የሚያደርግ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ እብድ። የበርታ ሴቶች ቀለሙ ዓይን የሚወጋ የሱዳን ቶብ ተጠቅልለው ሲያልፉ መንገዱ ራሱ የታጠበ ይመስል ነበር። እኛ የሰፋሪ ልጆች፣ ማለት ወላጆቻችን ከወሎ በሰፈራ የመጡ፣ ጂንስ ሱሪ ላይ ቀሚስ ደርበን ከታች ኮንጎ ጫማ እናደርጋለን፤ ማንም አምሮብሻል ብሎን አያውቅም፤ እኛ ግን እናውቅ ነበር። ዘፈኑ ከየሱቁ የሚወጣው የሱዳን ነው። ቃሉን ሳላውቅ አንዱን የሠርግ ዘፈን ነው ብዬ ሁለት ዓመት ስጨፍርበት ኖሬ፣ በኋላ ነፊሳ ስለ ሞተ ግመል የሚያለቅስ ሰው ነው ብላ ነገረችኝ። ከዚያም በኋላ ጨፍሬበታለሁ። ማንጎውንማ አታንሱት፤ በአምስት ብር የገዛሽውን ማንጎ ብቻሽን ተሸክመሽ ቤት አትደርሺም ነበር። አሁን እዚሁ ማንጎ አገር ውስጥ ማንጎ በፍሬ ቆጥረው ሲሸጡልኝ የምናገረውን እዚህ መጻፍ አይቻልም።

የምሠራው ጋሽ ደምሴ ሱቅ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም፤ ነጥቡ እኔን አልፈለገኝም፣ እኔም አልለመንኩት። ታፔላው ላይ «ፎቶ ኮፒ፣ የኮምፒውተር ጽሑፍ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ላሚኔሽን፣ የማንጎ ጭማቂ» ይላል። ከሁሉም እንጀራችን ላሚኔሽኑ ነው፣ ምክንያቱም የኛ አገር ምስጥ የሚበላውን አይመርጥም። የበር መቃን ይበላል፣ የሳጥን ቂጥ ይበላል፣ የጋብቻ ወረቀት በልቶ ባልና ሚስትን ያለ ፍርድ ቤት ያፋታል ይባል ነበር። ስለዚህ ሰው ያለውን ወረቀት ሁሉ ላስቲክ ያለብሰዋል፤ የክትባት ካርድ፣ የልጅ ሰርተፊኬት፣ አንዴ አንድ ሽማግሌ የሸጡትን በሬ ፎቶ አምጥተው አልብሺልኝ ብለውኛል። ጋሽ ደምሴ ረጅም፣ ቀጭን፣ ስለ ሁሉም ነገር ሐሳብ ያለው ሰው ነው። የሚስቱ እህት ልጅ ውጭ አገር ስለሄደች በቪዛ ጉዳይ ራሱን እንደ ቆንስል ይቆጥር ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ግን የሚያማክረው ሰው አላገኘም።

ነፊሳ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጣ የተማረች ናት። ሒሳብ እሷ ታስኮርጀኛለች፣ የሚሰድቧትን እኔ እሰድብላታለሁ፤ ውላችን ይኸው ነበር። እሷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ አፈር ተምራ ተመረቀች። ከዚያ አንድ ቀን በቀትር ሱቁ ውስጥ ገብታ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በረዶ የሚወርድበት አገር ያለ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀብያታለሁ፣ ወጪዋንም እችላለሁ ይላል፤ ትምህርቱ በሚጀመርበት ቀን ካልደረሰች ግን ቦታው ለሌላ ይሰጣል። የቀረው ቪዛ ብቻ ነው። ወሬው ከተማውን ሲዞር የሳቀው ብዙ ነው፤ ለገንዘብ ቢሆን ይገባቸው ነበር፤ አፈር ለመማር ባሕር መሻገር ግን አልገባቸውም። የመለሰላቸው አጎቷ ያሲን ነው። እሷ ኻል ያሲን ትለዋለች፤ ኻል በነሱ ቤት የእናት ወንድም ነው። ልጆችን ቁርዓን ያስቀራል፣ ማለት ያስተምራል፤ አማርኛው ደግሞ ወንድና ሴት አይለይም፣ እኔን ከተወለድኩ ጀምሮ አንተ ነው የሚለኝ። የኔ በርትኛ ከሱ አማርኛ ስለሚብስ ተጠቃቅሰን እናልፈዋለን። «ይሄ ልጅ አፈር ይማራል» አላቸው ስለ ነፊሳ። «ሰው ሁሉ መጨረሻ አፈር ይገባል። እሱ ቀድሞ ማወቅ ፈልጎ ነው።»

ጋሽ ደምሴ በዚያው ቀን ሥራውን ጀመረ። ቪዛ የሚሰጠው ለወረቀት ሳይሆን ለፊት ነው የሚል ትምህርት ነበረው። ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ሰቅለን ጉርዷን ላነሳት ስል ከኋላዬ ቆሞ አትሳቂ ይላታል፤ ከሳቅሽ ለመዝናናት የምትሄጂ ይመስላቸዋል። ስትኮሳተር ደግሞ አትኮሳተሪ፣ የምታመልጪ ይመስላቸዋል ይላል። በመጨረሻ የወጣው ፎቶ ላይ ነፊሳ ማስነጠስ መጥቶባት የቀረባት ሰው ትመስላለች። ያ ፎቶ ዛሬም አለኝ፤ ሲከፋኝ አየዋለሁ።

ወረቀቱ ደግሞ የራሱ መከራ ነበረው። የልደት ወረቀት፣ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ፣ የሳንባ ምርመራ፣ ሁሉም ተሰበሰበ፤ ዲግሪዋ ላይ ስንደርስ ተያዝን። ኻል ያሲን የእህቱ ልጅ ዲግሪ ምስጥ እንዳይነካው ብሎ በተመረቀች ማግስት ድርብ ላስቲክ አልብሶታል፣ እሱም ሌላ ሱቅ ሄዶ፣ የእኛ ሱቅ ላስቲክ ስስ ነው ብሎ። አዲስ አበባ ለማረጋገጫ ማኅተም ስትወስደው ማኅተም ላስቲክ ላይ አይይዝም ብለው መለሷት። ማኅተሙን ሞክረውት ነበር፤ በጣት ሲነካ እንደ ወጥ ይጠረጋል። የተማረችበት ቦታ ምትክ እስኪያዘጋጁላት የማንጎው ወቅት አለቀ። አዲሱን ዲግሪ ይዛ ቤት ስትገባ ኻል ያሲን ከመቀመጫው ተነስቶ እጁን ዘረጋና «አምጣው፣ ምስጥ አለ» አላት። ነፊሳ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወጥታ ሮጠች። እንግዲህ በሕይወቷ ከኻል ያሲን የሮጠችው ያን ቀን ብቻ ነው።

የኢንተርቪው ቀጠሮ ሲደርሳት ልምምድ ጀመርን። በቀትር ፀሐዩ ሲከር ሱቁ ሁሉ ስለሚዘጋ በሩን ገርበብ እናደርግና ጋሽ ደምሴ ኮቱን ለብሶ ከፎቶ ኮፒው ማሽን ጀርባ ይቀመጣል። በዚያ ሙቀት ኮት። ቆንስል ያለ ኮት አይቀመጥም ይላል፤ ላቡ በአገጩ እየተንጠባጠበ ነፊሳን ማን እንደላካት ይጠይቃታል። እኔ ጎን ቆሜ አርማለሁ። ማን ይከፍልልሻል፣ ምን ትማሪያለሽ፣ ለምን እዚያ፤ ሁሉን ፈጥና በእንግሊዝኛም በአማርኛም ትመልሳለች። ከዚያ ጋሽ ደምሴ ትልቋን ጥያቄ አመጣ፤ የሚስቱን እህት ልጅ ሊጥላት የነበረው ይህ ጥያቄ ነው አሉ። ትምህርትሽን ስትጨርሺ ወደ አገርሽ ትመለሻለሽ?

«ኢንሻአላህ» አለች ነፊሳ።

ጋሽ ደምሴ ማሽኑን በመዳፉ መታው። «ተከልክለሻል። ቀጣይ።»

ነፊሳ ምን እንዳጠፋች አልገባትም። እኔ ግን ወዲያው ነው የገባኝ፣ ምክንያቱም ገበያው ጥግ አንድ ልብስ ሰፊ ነበረን። ለፋሲካ የሚደርስ ቀሚስ አስለክተሽ መቼ ልምጣ ስትዪው ዓርብ ኢንሻአላህ ይልሻል። ዓርብ ስትሄጂ ቀሚሱ ገና ጣቃ ላይ ነው። ማክሰኞ ኢንሻአላህ። ፋሲካ ያልፍና ቀሚሱ ለጰራቅሊጦስ ይደርሳል። እንግዲህ ቆንስሉ አዲስ አበባ ውስጥ ዓመታት የተቀመጠ ሰው ነው፤ እሱም ልብስ አሰፍቷል፣ እሱም ቧንቧ ሠሪ ጠርቷል። ኢንሻአላህ ማለት በሱ ጆሮ አልመለስም ማለት ነው። ይህን ሁሉ አስረዳኋት።

«እሱ የልብስ ሰፊው ኢንሻአላህ ነው» አለችኝ። «የኔ ሌላ ነው።»

«በመስኮት ቀዳዳ እንዴት ይለየዋል? አዎ፣ እመለሳለሁ በይ፣ በቃ።»

«አዎ፣ እመለሳለሁ ኢንሻአላህ።»

«ነፊ፣ የመጨረሻዋን ተያት።»

«ነገን የያዝኩት እኔ ነኝ እንዴ? የሌለኝን ነገር አለኝ ብዬ ልፈርም?»

እልኸኛ ናት ብዬ ነበር፤ ነገሩ ግን ከእልኽ ያለፈ ነው። የእሷ አባት ወፍጮ ነበረው። ነፊሳ ትንሽ ልጅ ሳለች የወፍጮው ችንጋ፣ ቀበቶው ማለት ነው፣ ተበጥሶ አዲስ ሊገዛ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን፣ ደማዚን ሄደ። ሲወጣ ለሚስቱ ለእማ ሐሊማ «ሐሙስ እመለሳለሁ» አላት፤ እንዲሁ ደረቁን። ያ ሐሙስ ዛሬም አልመጣም። ሞቶ አይደለም። ደማዚን ሌላ ሚስት አግብቶ፣ ወልዶ፣ ወፍሮ ይኖራል፤ አገር ያውቀዋል፣ ነጋዴዎች ሰላምታ ያመጣሉ። እማ ሐሊማ ግን ሴትዮዋን አትወቅስም፣ ሰውዬውንም አትወቅስም፤ የምትወቅሰው ያልተባለችውን ቃል ነው። እኔ አፌ ስለማያርፍልኝ አንድ ቀን ኢንሻአላህ ብሎ ቢሄድስ ኖሮ ያቺ ሴትዮ ከመንገዱ ትጠፋ ነበር ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ። ባሚያ እየቆረጠች ነበር፤ ቢላዋዋን እንኳ አላቆመችም። «እንጃ ልጄ» አለች። «አላለም፤ ስለዚህ አልሞከርነውም።» ነፊሳ እንግዲህ በዚህ ቤት ነው ያደገችው። እናቷን ትታ ባሕር ማዶ ስትሄድ፣ አባቷ ለእናቷ ያለውን ቃል እሱ ባለበት መንገድ እንድትደግም ነው የጠየቅናት። ካልደገመችው ደግሞ ቦታዋ ለሌላ ሊሰጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ያላደረግነው የለም። በልብሽ በያት አልናት፤ በልቧ ስትል ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ጋሽ ደምሴ ደግሞ የሚያንሾካሹክ ሰው ጠንቋይ ይመስላቸዋል ብሎ ከለከለ። በሳል ሸፍኛት አልኳት፤ አዎ እመለሳለሁ ብላ እህ እህ ስትል ጋሽ ደምሴ የሳንባ ምርመራውን አስታወሰን። የሚገርማችሁ፣ ጆሮዬን ሰጥቼ ሳዳምጥ እናቴም ያው ናት፤ ነገ ወፍጮ ቤት እሄዳለሁ እግዜር ካለ፣ ማታ ሽሮ እሠራለሁ እሱ ካለ። ከተማው ውስጥ ነገን ደረቁን የሚናገር ሰው ብፈልግ አንድ ብቻ አገኘሁ፣ እሱም ጋሽ ደምሴ ነው። ፎቶው ነገ ጠዋት ይደርሳል ይላል፣ ቁርጥ አድርጎ፤ ደርሶ አያውቅም።

በመጨረሻ ኻል ያሲን ዘንድ ሄድን። ማንጎው ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ከርከዴ ይጠጣ ነበር። ነገሩን በሙሉ ሰማ፤ ልብስ ሰፊውን ስነግረው እንኳ አልሳቀም፣ እሱም እዚያ የሚሰፋ ጀለቢያ አለው። ከዚያ ነገ ይህን አደርጋለሁ ያለ ሰው አላህ ከፈቀደ እንዲል መታዘዙን፣ ረስቶ ያላለ ሰው ደግሞ ሲያስታውስ እንደሚል ነገረን። እኔ ከምንጣፉ ዘልዬ ተነሳሁ።

«አለቀ በለኛ፣ ኻል ያሲን። ትረሳዋለች፣ ከወጣች በኋላ ታስታውሰዋለች።»

ኻል ያሲን ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ዝናሽ፣ አንተ ይቸኩላል» አለኝ። «መርሳት ስጦታ ነው። ሰው ልርሳ ብሎ ሲረሳ አይተህ ታውቃለህ?»

አላየሁም፤ ግን እሞክራለሁ አልኩ። እስከ ጉዞው ድረስ ሥራዬ ነፊሳን በድንገት መያዝ ሆነ። ውኃ ተሸክማ ሽቅብ ስትወጣ ከኋላ ደርሼ ትመለሻለሽ እላታለሁ፤ ኢንሻአላህ። ፀጉሯን ስትሠራ፤ ኢንሻአላህ። አፏ በገንፎ ተሞልቶ፤ እ-ሻ-ላህ። አንዴ እኛ ቤት ቀትር ላይ ጋደም ብላ እንቅልፍ ሲወስዳት ጆሮዋ ሥር ጠየቅኳት፤ ዓይኗን ሳትገልጥ ኢንሻአላህ ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። ያን ጊዜ ተስፋ ቆረጥኩ። ዛሬ ሳስበው እሷ መርሳት አቅቷት ሳይሆን እኔ በየደቂቃው እያስታወስኳት ነበር።

ብቻዋን አትሄድም ስላለች እማ ሐሊማ፣ እኔም መውጫ ቀዳዳ ስፈልግ ስለኖርኩ፣ ወደ አዲስ አበባ አብሬያት ሄድኩ። ያ የወለጋ መንገድ በኋላ ስንት ጊዜ ተዘግቶ ስንቱን ሰው አስለቅሷል፤ ያኔ ግን ሰላም ነበርና የሚያስጨንቀን የሚያስመልሰው ሰው ከኋላ መቀመጡ ብቻ ነው። ነቀምት አደርን። ነፊሳ ፋይሏን እንደ ሕፃን ታቅፋ ሁለቱንም ቀን ከእጇ አላወረደችም፤ ሽንት ቤት ስትገባ ለእኔ ትሰጠኛለች፣ ስትወጣ እያንዳንዱን ወረቀት ታያለች፣ በመሐል የበላሁት ይመስል። ኤምባሲው በር ላይ ከየአገሩ የመጣ ሰው አጥሩን ይዞ ተሰልፏል፤ ሁሉም ፋይል አቅፏል፣ ሁሉም ያላመነበት ኮት ለብሷል። እኔን ዘበኛው መንገድ ተሻገሪ አለኝ። ተሻግሬ ቆሎ ገዝቼ ቆምኩ። የገባ ሰው ይወጣል፣ ፊቱን አይቼ ተሰጠ ተከለከለ እላለሁ፤ አንዷ ሴት አልፋኝ ስታለቅስ ቆሎውን መቆርጠም አፈርኩ። ነፊሳ ስትወጣ ግን ፊቷ ላይ ምንም የለም፤ ልክ እንደዚያ ጉርድ ፎቶ። መንገዱን ስትሻገር አንድ ታክሲ ሊገጫት ነበር።

«ረሳሁት» አለችኝ።

ምኑን፣ ፓስፖርቱን? አይደለም። መስኮቱ ጀርባ መነጽር ያደረገች ሴት ነበረች አሉ፣ ኮት እንኳ አልለበሰችም። ለምን አፈር ትላታለች፤ ነፊሳ የኛን ምስጥ ታወራላታለች፣ ኩይሳው ያለበት ማሳ ላይ ማሽላው ለምን እንደሚያምር ማወቅ እፈልጋለሁ ትላታለች። ሴትዮዋ ደስ ብሏት ይሁን ሰልችቷት፣ ቀና ብላ ትመለሻለሽ ወይ ትላለች። ነፊሳ ከድንጋጤ የተነሳ አዎ፣ እመለሳለሁ ትላለች። ደረቁን። ልምምዱ አይደለም፣ ብልጠትም አይደለም፤ ቃሏ ከአፏ ጠፋባት። ሴትዮዋም ፓስፖርቱን ወስዳ ተፈቅዶልሻል፣ ሲደርስ እንጠራሻለን አለቻት።

እኔ እዚያው መንገድ ላይ እልል ልል አፌን ስከፍት ነፊሳ ክንዴን ያዘች። ገና አልጨረሰችም።

በሩ ጋ ስትደርስ አስታወሰችው። ኻል ያሲን ሲያስታውስ ይላል ብሎ የለ፤ እናቷ ታየቻት፣ ሐሙስ ታየቻት፣ ዞራ ሰልፉን ሰንጥቃ ወደ መስኮቱ ተመለሰች። አንድ ከረቫት ያሰረ ጎልማሳ ተራው ደርሶ እየተጠየቀ ነበር። በትከሻው ላይ ተንጠራርታ በቀዳዳው «ኢንሻአላህ» አለች። ጎልማሳው የሚባል ነገር መስሎት እሱም ደንግጦ ኢንሻአላህ አለ። ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀቻት።

«ምን አልሻት?» አልኩ።

«በእኔ በኩል አልቋል ማለት ነው አልኳት። የእኔ ድርሻ አልቋል፣ የቀረው የእሱ ነው።»

«እሷስ?»

«በእጇ ሂጂ አለችኝ።»

ነፊሳን እወዳታለሁ፤ ያን ቀን ግን በዚያ አደባባይ የተናገርኳትን እናቷ ብትሰማ አትቀበለኝም። ፓስፖርትሽ እጇ ላይ እያለ፣ ፈቅጄልሻለሁ ካለችሽ በኋላ፣ በገዛ እግርሽ ተመልሰሽ። ለሰው ሲዋሽ የኖረ ልብስ ሰፊ እንኳ ቀሚሱን ካስረከበ በኋላ ኢንሻአላህ አይልም። እሷ ከእጄ ቆሎ እየወሰደች ትቆረጥማለች። ፊቷ ላይ ያ ማስነጠስ የቀረበት ሰው ጠፍቷል፤ ሸክሙን ያወረደ ሰው ነው የማየው። እኔ ነኝ ሸክሙን ያነሳሁት። እዚያው አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ተቀምጠን ስንጠብቅ ስልክ በጮኸ ቁጥር የምዘለው እኔ ነበርኩ፤ እሷ የአክስቴን ልጆች ሒሳብ ታስጠናለች። ተጠርታ ስትሄድ እኔ በር ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ። ፓስፖርቱን እጄ ላይ አስቀመጠችው። ገልጬ ሳየው ቪዛው አለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ያ አሳዛኝ ፎቶዋ መሐሉ ላይ። መጀመሪያ ያደረግኩት በጥፍሬ መፈተግ ነው፤ እንዳይለቅ።

ልባችሁ እንዳይንጠለጠል አስቀድሜ ልናገር፤ ነፊሳ ተመልሳለች። ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ መጥታ የኛን ኩይሳ አፈር በላስቲክ እየቋጠረች ስትሰበስብ ከተማው እንደገና ስቆባታል። እኔ የፈለግኩት ግን የሄደችበትን ጠዋት ማውራት ነው።

መናኸሪያው ጠዋት እንደ ዛሬው ነዳጅና የሚጠበስ ብስኩት ይሸታል፤ ያኔ ብስኩቱ አንድ ብር ነው፣ በሁለቱ ትጠግቢያለሽ። አውቶቡሱ የሱዳን ዘፈኑን ለቋል። ጋሽ ደምሴ ኮቱን ለብሶ መጥቷል። ኻል ያሲን ዱዓ አድርጎ ጨርሶ ደግሞ ስለ ብርዱ ሊመክራት ሞከረ፤ በረዶ አይቶ አያውቅም፣ ግን አትርገጠው አላት። እማ ሐሊማ ደረቅ ባሚያ በኩንታል ማለት በሚቻል ከረጢት ቋጥራላት፣ ፈረንጅ አይወስድብኝም ወይ እያለች ትጨነቃለች። አታለቅስም፤ ከረጢቱን ብቻ ታስራለች፣ ትፈታለች፣ ታስራለች። ነፊሳ ገብታ በመስኮት በኩል ተቀመጠች። ማልቀሷ እንደማይቀር አየሁና ላስቃት ብዬ ጋሽ ደምሴን መሰልኩ፤ ደረቴን ነፍቼ፣ የማሽኑን ጀርባ እንደያዝኩ ሆኜ።

«ትምህርትሽን ስትጨርሺ ወደ አገርሽ ትመለሻለሽ?»

«አዎ» አለች ነፊሳ፣ እንባዋ እየወረደ። «እመለሳለሁ።»

እየሳቅኩ ቀሪዋን ጠበቅኩ። አልመጣችም። እንደገና ጠበቅኩ። ነፊሳ እንባዋን በሻርፗ ትጠርጋለች፣ ጨርሳለች፣ የምትጨምረው ነገር የለም። ዞር ስል እማ ሐሊማ እያየችኝ ነው። አልተቆጣችም፤ ይህ ነው የባሰው። «አስረሳሻት» አለችኝ ቀስ ብላ።

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። ኮንጎ ጫማዬ ከእግሬ ወጥቶ ቀረ፤ ጎኑን በጡጫ እየደበደብኩ ነፊ ጨርሺው፣ ቃሉን ጨርሺው እላለሁ፤ ዘፈኑ ይጮኻል፣ እሷ በመስታወቱ ውስጥ ቻው የምላት መስሏት እጇን ታውለበልባለች። የኋላውን መሰላል ያዝኩ። ረዳቱ፣ ጢሙ የሸበተ ሰውዬ፣ በበሩ በኩል አንገቱን አውጥቶ ምን ረስታ ነው አለኝ።

«ኢንሻአላህ» አልኩት። ትንፋሼ አልቆ ሌላ ቃል አልወጣልኝም።

ሰውዬው አልሳቀም። እንዴት እንደገባው አላውቅም፤ አንገቱን መለሰ፣ ዘፈኑ ቆመ፣ አውቶቡሱም ቀዝቀዝ አለ። ቆየና ተመልሶ ብቅ አለ።

«ብላለች» አለኝ። «እኔም ብያለሁ፣ ሹፌሩም ብሏል። በይ አሁን መኪናውን ልቀቂልን።»

ለቀቅኩት።